የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከዕፅዋት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

(በጤና ጉዳይ ላይ ለጀመዓው ከተደረገ ንግግር ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ተስተካክሎ የቀረበ)



ለዚህ ጽሑፍ የተመረጠው ርእስ በየቤቱ ያለ፣ ነገር ግን በአደባባይ ብዙም የማይነገር ጉዳይ ነው። ይኸውም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን ኪኒን እየዋጠ፣ ከጎኑ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ሥራ ሥር ወይም ከውጭ አገር በጠርሙስ የመጣ የዕፅዋት መድኃኒት ቢጨምርበት በሰውነቱ ውስጥ ምን ይከሰታል? የሚለው ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ አንዳንድ ጊዜ በሰላም ውሎ በማደርና እሳት ላይ በመውደቅ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ይመነጫል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ሊሆን ይገባል። ይህ ንግግር የአባቶቻችንን ዕፅ ለማጣጣል የተዘጋጀ አይደለም። ዘመናዊው ሕክምና ራሱ ከዕፅዋት ብዙ ወስዷል። «ኪኒን» ብለን የምንጠራው ቃል እንኳ የመጣው ከአንድ ዛፍ ቅርፊት ከሚገኘው የወባ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ከዚሁ እውነት ሌላ እውነት ይከተላል። ዕፅ የማዳን ኃይል ካለው፣ የመጉዳትም ሆነ ሌላውን መድኃኒት የማደናቀፍ ኃይል ሊኖረው ይችላል። «የተፈጥሮ ስለሆነ ምንም አያደርግም» የሚለው አነጋገር ዕፁን ያከበረ ይመስላል እንጂ፣ በእርግጥ ዕፁን ኃይል የለሽ አድርጎ መናቅ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

የአንጎላችን ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶች ነው። እነዚህ ምልክቶች በድንገት ከሥርዓት ወጥተው በአንድ ጊዜ ሲፈነዱ ሰውየው ራሱን ይስታል፣ ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይወድቅ ለጥቂት ጊዜ ፈዝዞ ይቀራል። መንስኤው በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ በራስ ላይ የደረሰ አደጋ፣ ማጅራት ገትር፣ በአንጎል ላይ የወጣ ወባ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። በብዙዎች ላይ ደግሞ መንስኤው አይታወቅም። በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ በመንካትም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

የዓለም የጤና ድርጅት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገምታል። በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ በሚገኙ የመስቃንና የማረቆ ቀበሌዎች በ60,820 ሰዎች ላይ ቤት ለቤት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት 316 ሕሙማንን አግኝቷል። ይህም ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ማለት ነው። ነገሩን በቅርብ ለማየት፣ ለጁምዓ ሰላት 1,000 ሰው የሚሰበሰብበትን አንድ መስጊድ አስቡ። በዚያ መጠን ከሆነ ከመካከላቸው 5 ያህሉ ይህን ሸክም ተሸክመው በሰልፍ ቆመዋል ማለት ነው። ጎረቤቶቻቸው ግን ላያውቁ ይችላሉ።

ሙስሊም ሐኪሞች ይህን በሽታ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ኢብን ሲና «አል-ቃኑን» በተሰኘው የሕክምና መጽሐፉ ከአንጎል በሽታዎች ጋር አብሮ ጽፎበታል። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች የተዘገበውን፣ የሚጥላት በሽታ ስለነበረባት ሴት የሚናገረውንም ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ያቺ ሴት ስትወድቅ ሰውነቷ እንዳይገለጥ ዱዓ እንዲደረግላት ጠይቃለች። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው በሕመምተኛ ላይ ጣቱን ሊቀስር፣ ልጁን ሊደብቅ ወይም በእህቱ ሊያፍር አይገባውም።

የመድኃኒቱ መንገድ ጠባብ ነው

በአገራችን ለዚህ በሽታ በብዛት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፌኖባርቢታል ነው። አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ለሚጥል በሽታ እንደሚያገለግል ያሳወቀ ሲሆን፣ ዋጋው አነስተኛ በመሆኑ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ከዚህም ሌላ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን፣ ሶዲየም ቫልፕሮዬትና ሌሎችም አሉ። በሽታው በትክክል ታውቆ ተገቢው መድኃኒት በተከታታይ ከተወሰደ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 የሚደርሱት ሳይወድቁ ሊኖሩ እንደሚችሉ የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት በደም ውስጥ ያላቸው መጠን በተወሰነ ልክ ሲሆን ነው። ለምሳሌ ፌኒቶይን ለብዙ ሕሙማን የሚበጀው በአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ሲገኝ ነው። ከዚህ ሲያንስ ሕመሙ ይመለሳል። ሲበዛ ደግሞ ዓይን ይንቀጠቀጣል፣ አካሄድ ይንገዳገዳል፣ ንግግር ይጎተታል፣ እንቅልፍ ይጫናል። ከዚህም በላይ ፌኒቶይን የተለየ ጠባይ አለው። ጉበት እርሱን የሚያስወግድበት አቅም ቶሎ ስለሚሞላ፣ ትንሽ ጭማሪ በደም ውስጥ ያለውን መጠን በብዙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው በጠባብ ድልድይ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው። በግራም በቀኝም ብትገፉት ይወድቃል።

ዕፁ ኪኒኑን የሚነካባቸው አራት መንገዶች

አንደኛው መንገድ በጉበት በኩል ነው። የምንውጠውን መድኃኒት አብዛኛውን ሰብሮ የሚያስወግደው ጉበት ነው። አንዳንድ ዕፅ የጉበትን ሥራ ያፋጥናል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጨርስ ከሰውነት ይወጣል። ሌላው ደግሞ የጉበትን ሥራ ያዘገያል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ተጠራቅሞ ይመርዛል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለጭንቀትና ለድብታ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ወርት የተባለው ተክል ከሚያፋጥኑት ወገን ነው። ስለዚህ ከፌኖባርቢታል፣ ከፌኒቶይንና ከካርባማዜፒን ጋር እንዳይወሰድ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በአንጻሩ ግሬፕፍሩት የተባለው ፍሬ ጭማቂ ካርባማዜፒን በደም ውስጥ ከፍ እንዲል ያደርጋል። በቁንዶ በርበሬ ውስጥ የሚገኘው ፒፐሪን የተባለው ንጥረ ነገርም ተነጥሮ ሲወሰድ የፌኒቶይንን መጠን ከፍ እንደሚያደርግ በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ማለት ግን ወጥ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ አይግባ ማለት አይደለም። በምግብ ልክ የሚገባው ሌላ፣ ተጨምቆ በእንክብል የታሸገው ሌላ ነው። በውጭ አገር በሚሸጡ የእርድ እንክብሎች ውስጥ ፒፐሪን ተጨምሮ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ «እርድ ብቻ ነው» ብሎ መዋጥ አይበቃም።

ሁለተኛው መንገድ በሆድ በኩል ነው። ኪኒኑ የሚጠቅመው ከሆድ ወደ ደም ሲገባ ነው። ሆድን ለማጠብ ሲባል ሰናመኪ ወይም ኮሶ የጠጣ ሰው ካስቀመጠው ወይም ካስመለሰው፣ የዋጠው መድኃኒት በሙሉ ወደ ደሙ ስለመግባቱ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ደጋግሞ ማስቀመጥ ደግሞ ሰውነት የሚያስፈልገውን ውኃና ጨው ይቀንሳል። በደም ውስጥ ያለው የሶዲየም ጨው በጣም ሲያንስ ራሱ መንቀጥቀጥን ያመጣል። ካርባማዜፒን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህንኑ ጨው የሚቀንስ በመሆኑ ጉዳቱ ሊደራረብ ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ በቀጥታ በአንጎል በኩል ነው። ኪኒኑን ሳይነኩ ራሳቸው አንጎልን የሚቀሰቅሱ ዕፅዋት አሉ። ለጀናዛ የምንጠቀምበት ካፉር ከእነዚህ ዋነኛው ነው። በአንዳንድ የጉንፋን ቅባቶች ውስጥም ይገባል። ካፉርን የዋጠ ሕፃን የሚጥል በሽታ ባይኖርበት እንኳ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ተጨምቆ የወጣ የባሕር ዛፍ ዘይትም እንዲሁ ነው፤ በመዋጥ ብቻ ሳይሆን በመቀባትና በማሽተት ሕመሙ የተነሣባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። በአሪቲና በዘመዶቹ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ቱጆን የተባለ ንጥረ ነገርም በብዛት ሲወሰድ አንጎልን ያነሣሣል። ለማስታወስ ችሎታ ይጠቅማል ተብሎ የሚሸጠው ጊንኮ የተባለው ተክል ፍሬ ደግሞ መንቀጥቀጥን የሚያመጣ መርዝ አለው። ጊንኮ ከጀመሩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትቷቸው የነበረው ሕመም የተመለሰባቸው ሰዎችም ተመዝግበዋል።

እዚህ ላይ ጫትን ሳንጠቅስ አናልፍም። ስለ ጫት ያለውን የሸሪዓ ክርክር ለዑለማዎች ትተን፣ በጤና በኩል ያለውን ብቻ እንይ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃቃ ነገር ነው። ከዚህም በላይ እንቅልፍ ይነሣል። የእንቅልፍ እጦት ደግሞ የሚጥል በሽታን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኛው ነው። ሌሊቱን ሲቅም ያደረ ሕመምተኛ የምሽት ኪኒኑን የመርሳቱ ነገርም የታወቀ ነው። በተቃራኒው ለእንቅልፍ የሚሸጡ እንደ ቫለሪያንና ካቫ ያሉ ዕፅዋት ከፌኖባርቢታል ጋር ሲደረቡ ድንዛዜን ያበዛሉ።

አራተኛው መንገድ ጠርሙሱ ራሱ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ በውስጡ ያለው አይደለም። «ለሚጥል በሽታ የሚሆን ንጹሕ የዕፅዋት መድኃኒት» ተብለው በተለያዩ አገሮች የተሸጡ ምርቶች በላቦራቶሪ ሲመረመሩ ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን ተደባልቆባቸው ተገኝቷል። ይህን ልብ በሉ! ሕመምተኛው ከሐኪም የተሰጠውን ፌኖባርቢታል ይውጣል፤ በዕፅ ስም ደግሞ ሌላ ፌኖባርቢታል ይጨምርበታል። ጠርሙሱ ያለቀ ዕለት መጠኑ በድንገት ይወርዳል። እንደ እርሳስ ያለ መርዘኛ ብረት የተገኘባቸውም አሉ፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል። ከዘመድ በስጦታ የመጣ መሆኑ ወይም ዋጋው ውድ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ስለ ጥቁር አዝሙድ

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ጥቁር አዝሙድ ስለሆነ ለብቻው ማየቱ ተገቢ ነው። ሐጅና ዑምራ ደርሰው የሚመለሱ፣ በዐረብ አገሮች የሚሠሩ ልጆቻችንም ዘይቱንና እንክብሉን በብዛት ያመጡልናል። ስለ ፈዋሽነቱ የተነገረውን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተናል፤ ማብራሪያውን ለሚያውቁት ዑለማዎች እንተወዋለን። በሕክምና በኩል የተሞከረው ግን የሚከተለው ነው።

በኢራን አገር መድኃኒት እየወሰዱ ሕመሙ አልተው ባላቸው 20 ሕፃናት ላይ የጥቁር አዝሙድ ጭማቂ ተሞክሮ የመውደቃቸው ቁጥር እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንያዝ። አንደኛ፣ 20 ሕፃናት ጥቂት ናቸው፤ በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ለሁሉም ሰው ፍርድ አይሰጥም። ሁለተኛና ዋናው፣ እነዚያ ሕፃናት ጭማቂውን የወሰዱት የነበረ ኪኒናቸውን ሳያቋርጡ በሐኪሞች ክትትል ሥር ሆነው ነው። ጥናቱን ለጥቁር አዝሙድ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ይህንንም አብሮ መናገር አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ ጥቁር አዝሙድ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚሰብሩ የጉበት ኤንዛይሞችን ሊያዘገይ እንደሚችል የሚያሳዩ ሙከራዎች አሉ። ስለዚህ በዳቦ ላይ ተነስንሶ የሚበላው ብዙ የሚያሳስብ ባይሆንም፣ ዘይቱን በማንኪያ ወይም እንክብሉን በየቀኑ ለመውሰድ የሚያስብ ሕመምተኛ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል።

ዕፁ የኪኒኑን ምስጋና ሲወስድ

ውድ አንባቢ ሆይ! እስካሁን የተነገረው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህ ክፍል እንዳይረሳ። ትልቁ አደጋ ዕፁ ከኪኒኑ ጋር መደረቡ ብቻ አይደለም፤ ኪኒኑ በዕፁ መተካቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌኖባርቢታል ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ3 እስከ 4 ቀን ገደማ ይፈጃል። እንግዲህ 4 ቀን ብለን እናስላ። ሰውየው ዛሬ ኪኒኑን አቁሞ ዕፅ ቢጀምር፣ በ4ኛው ቀን ግማሹ፣ በ8ኛው ቀን ሩቡ፣ በ12ኛው ቀን አንድ ስምንተኛው፣ በ16ኛው ቀን አንድ አሥራ ስድስተኛው ኪኒን ገና በደሙ ውስጥ ይኖራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይወድቅ ይሰነብታል። የኪኒኑ ድንዛዜም ስለሚቀንስለት ዓይኑ ይበራል፣ ፊቱ ይፈካል። ቤተሰቡም «አልሐምዱሊላህ፣ ዕፁ አዳነው!» ይላል። ለጎረቤት ይነገራል፤ ሌላውም ሕመምተኛ ይሰማል። እውነቱ ግን እስካሁን የጠበቀው በደሙ ውስጥ የቀረው ኪኒን ነበር። ቅሪቱ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል። ሲመለስም እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ አንጎል ያለ ልጓም እንደተለቀቀ ፈረስ ይሆናል። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው የሚከተልበት፣ ሕይወትን የሚያሳጣ ሁኔታ ሊደርስ ይችላል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በሽታው በባሕርይው ይመጣል፣ ይሄዳል። በወር አንድ ጊዜ የሚወድቅ ሰው ምንም ሳይወስድ እንኳ ለ3 ሳምንት ሳይወድቅ ሊቆይ ይችላል። በሽታው ሲበረታ ዕፅ ፍለጋ የሚወጣው ሰው ደግሞ፣ ከብርታቱ በኋላ በራሱ የሚመጣውን ፋታ ለዕፁ ይቆጥርለታል። ኢብን ሲና ይህን ዓይነት ስሕተት ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት አስቀድሞ አይቶታል። በአል-ቃኑን ሁለተኛ መጽሐፍ መድኃኒት የሚፈተንበትን ደንብ ሲዘረዝር፣ ከሌላ ነገር ጋር ባልተደባለቀ ሕመም ላይ እንዲሞከር፣ ውጤቱ የታየበት ጊዜ እንዲመዘን፣ አንድ ጊዜ ታይቶ የጠፋ ሳይሆን ደጋግሞ የሚታይ እንዲሆን ጠይቋል። ስለዚህ «እገሌ ጠጥቶ ድኗል» የሚል ወሬ ስንሰማ፣ ኪኒኑንስ ትቶ ነበር ወይ? ከተወስ ስንት ቀን ሆነው? ከዚያ ወዲህስ ምን ሆነ? ብለን ብንጠይቅ የቀደሙትን ሊቃውንት ፈለግ ተከተልን እንጂ ዘመናዊነት አታለለን አይባልም።

ቁርኣን ለሚቀራባቸው ሕሙማንም ይኸው ነው። ቂራኣትና ዱዓ ከኪኒን ጋር አይጣሉም፤ አንዱ ለሌላው ቦታ እንዲለቅ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። «ኪኒኑን ካልተውክ አይሠራልህም» የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰው ስለሚያስከትለው ጉዳት ኃላፊነት እንዳለበት ሊያውቅ ይገባል።

ረመዳን ሲደርስ

በረመዳን ወር ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፤ የኪኒኑ ሰዓት ይለወጣል፣ በሱሑርና በኢፍጣር ላይ ከማር ጋር የሚወሰደው ዕፅም ይበዛል። ለታመመ ሰው ሸሪዓው ፈቃድ እንደሰጠው የታወቀ ነው። መጾም የሚፈልግና ሐኪሙ የሚፈቅድለት ሰው ግን ወሩ ከመግባቱ በፊት ሄዶ ይመካከር። እንደ ፌኖባርቢታል በቀን አንድ ጊዜ ሊወሰድ የሚችል መድኃኒት ወደ ሌሊት ለማዛወር አይከብድም። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚወሰደው ግን የሐኪም ማስተካከያ ያስፈልገዋል። በራስ ፈቃድ አንዱን መዝለል ወይም ሁለቱን በአንድ ጊዜ መዋጥ አይገባም። ለሱሑር የተነሣም ሰው የጎደለበትን እንቅልፍ ቀን ላይ ይተካ።

ምን ማድረግ ይገባናል?

ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ የምንለው የሚከተለው ነው።

1. ኪኒኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አታቋርጡ፤ መጠኑንም አትቀንሱ። ዕፅ ቢጀመርም ባይጀመርም ይህ አይለወጥም።

2. የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። ጠርሙሱን፣ ዱቄቱን፣ ቅጠሉን በፌስታል ይዛችሁ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው አሳዩ። ቫይታሚንም ቢሆን ተናገሩ፤ ቫይታሚን ቢ6 በብዛት ሲወሰድ የፌኖባርቢታልንና የፌኒቶይንን መጠን ሊቀንስ ይችላል።

3. ሐኪሙ አውቆት አዲስ ነገር ቢጀመር እንኳ አንድ በአንድ ይሁን። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የጀመረ ሰው፣ የረዳውንም የጎዳውንም ለይቶ አያውቅም።

4. ደብተር ያዙ። የወደቀበትን ቀንና ሰዓት፣ የተረሳውን ኪኒን፣ አዲስ የተጀመረውን ነገር ጻፉ። ጽሕፈት የማያውቅ ቤተሰብ ልጁን ያስጽፍ። ሰው ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም።

5. ከተለመደው በላይ እንቅልፍ ከመጣ፣ አካሄድ ከተንገዳገደ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ሰውነት ሽፍታ ካወጣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ሂዱ።

6. ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ የምታስብ እህት ከሁሉ ይበልጥ ትጠንቀቅ። አንዳንዱ ኪኒን፣ በተለይ ሶዲየም ቫልፕሮዬት፣ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ በሐኪም ሊለወጥ ይችላል። በድንጋጤ በራሷ ማቋረጥ ግን እርሷንም ፅንሱንም አደጋ ላይ ይጥላል። «ለማሕፀን ጥሩ ነው» የሚባል ዕፅም ሳይጠየቅ አይወሰድ።

ብዙ ሰው ለሐኪም የማይናገረው ቁጣ ስለሚፈራ ነው። ስለዚህ የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዕፅ መውሰዱን የነገራችሁን ሰው አትቆጡት። ዛሬ የተቆጣችሁት ሰው ነገ ይደብቃችኋል። ዕፁን ካልነገራችሁ ደግሞ ሕመሙ የተመለሰበትን ምክንያት ስለማታውቁ የኪኒኑን መጠን ትጨምሩበታላችሁ። ዕፁን በተወው ጊዜ ያ ጭማሪ መርዝ ይሆንበታል። የባህል መድኃኒት አዋቂ የሆናችሁ አባቶችም፣ የመጣላችሁን ሰው «ምን ኪኒን ትወስዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ኪኒኑንም እንዳይተው ምከሩት። እውቀታችሁ አማና ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኛም በዚህ ላይ፣ የሚወስደውን መድኃኒት የደበቀም ከደበቀው የተሻለ አይደለም ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሰው ሲወድቅ

በመስጊድም ይሁን በመንገድ ሰው ቢወድቅ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከስለት አርቁት። ከራሱ በታች ጋቢ ወይም ጃኬት አድርጉለት፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። በአፉ ውስጥ ማንኪያም፣ ጣትም፣ መድኃኒትም አታስገቡ። በኃይል ጨምቃችሁ አትያዙት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት የተለመደ ቢሆንም ምንም አይጠቅመውም፤ ሊያቃጥለው ይችላል። ሰውነቱ ቢገለጥ ሸፍኑት፤ ለሴት እህት ሲሆን ይህ ይበልጥ ይታሰብበት። ሰዓታችሁን ተመልከቱ፤ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ሌላ ከተከተለ፣ ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ምራቁን የነካ ሰው ምንም አይሆንም። ይህን ባለማወቅ እሳት ላይ የወደቀ ወንድሙን ሳያነሣ ቆሞ ያየ ሰው እንዳይኖር ለልጆቻችን እናስተምር።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል፣ ከዕፁና ከኪኒኑ አንዱን ጠላት፣ ሌላውን ወዳጅ አድርገን አንነሣ። ሁለቱም ኃይል ያላቸው ነገሮች ናቸው። ኃይል ያላቸው ሁለት ነገሮች በአንድ ሰው አካል ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ሊያያቸው ይገባል። ሐኪሙ ስለ ዕፁ፣ አዋቂው ስለ ኪኒኑ፣ ቤተሰቡ ስለ ሁለቱም ይወቅ። ምስጢር የሌለበት ሕክምና ይሁን። ይህን መጽሔት ያነበበ ሰው በቤቱ ወይም በጎረቤቱ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ሄዶ «ኪኒንህን ዋጥክ? ከእርሱ ሌላስ ምን ትወስዳለህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ የዚህ ንግግር ዓላማ ተፈጸመ ማለት ነው።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለአስታማሚዎች ሰብሩን፣ ለሁላችንም ጠቃሚ እውቀትን ይለግሰን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።